ድልድይን የሚጥለው የማይታየው ጉድጓድ፦ መካከለኛ ምሰሶ፣ ጎርፍና የወንዝ አሸዋ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ወንዙ ሲጎድል፣ ድልድይ ሊያይ የመጣ ባለሙያ ወደ ምሰሶው ግርጌ ይወርዳል። አሸዋው ደልዳላ ነው። መሠረቱ አልተጋለጠም፤ ስንጥቅም አይታይም። «ደህና ነው» ብሎ ይፈርማል። እዚያው ቆሞ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ በእጁ ቢገፋ ግን ብረቱ ያለ መዶሻ አንድ ሜትር ተኩል ሊሰምጥ ይችላል። አሥር ሜትር ራቅ ብሎ ሲሞክረው ደግሞ ሃያ ሳንቲ ሜትር ገብቶ አልሄድ ይላል። ይህ ልዩነት ነሐሴ ላይ ምሰሶው ሥር ምን ያህል ጉድጓድ እንደነበረ ይናገራል። ጎርፉ ሲበረታ ቆፈረው፤ ሲደክም ያመጣውን ደለል ጥሎ ሞላው። የሞላው ደለል ልል ስለሆነ ለመሠረቱ የሚሰጠው ድጋፍ ከቁጥር አይገባም፤ በሚቀጥለው ጎርፍ መጀመሪያ የሚታጠበውም እሱ ነው።

ስለ ድልድይ ሲወራ የሚወራው ስለ ላይኛው ክፍል ነው፤ ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ስፋቱ፣ ስለ ገመዱና ስለ መብራቱ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር መርዘሙንና 43 ሜትር መስፋቱን ብዙ ሰው ያውቃል። ምሰሶዎቹ ምን ላይ እንደቆሙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ድልድይ በጎርፍ ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ ገርደሩ (መንገዱን የሚሸከመው አግዳሚ) ተሰብሮ አይደለም፤ ገርደሩን የተሸከመው ምሰሶ እግሩ ሥር ያለውን መሬት አጥቶ ነው። መሐንዲሶች «ስካወር» የሚሉት ይህ የመሠረት መቦርቦር የድልድይ ቁጥጥር በሕግ በተደነገገበት በአሜሪካ እንኳ ለድልድዮች መውደቅ ቀዳሚው ምክንያት ነው። በእኛ ወንዞች ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። የግንባታ አሸዋ የሚወጣው ከነዚሁ ወንዞች ነው፤ ስለዚህ ምሰሶው ሲነደፍ የታሰበው የወንዝ ወለልና ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገኘው ወለል አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ውሃ ምሰሶ ሲያገኝ

ወንዝ ምሰሶ ሲገጥመው ውሃው ሁሉ በጎንና በጎን አያልፍም። ከላይ ያለው ውሃ ከሥረኛው ስለሚፈጥን የምሰሶውን ፊት የሚገፋበት ኃይል ላይ ላዩን ይበረታል፤ በዚህ የተነሳ ከፊሉ ውሃ የምሰሶውን ፊት ይዞ ቁልቁል ይወርድና ወለሉን ይምሳል። የተማሰው አፈር በምሰሶው ግራና ቀኝ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በሚዞር ሽክርክሪት ተጠርጎ ይሄዳል። ስለዚህ በአሸዋማ ወለል ላይ፣ ወደ ውሃው ተስተካክሎ በቆመ ምሰሶ ዘንድ፣ ጥልቁ ቦታ ውሃው በሚመጣበት በኩል ከምሰሶው አፍንጫ ሥር ይሆናል። ለካሁ የሚል ሰው የመለኪያ ገመዱን የጣለው ከምሰሶው በስተኋላ ከሆነ፣ አልለካም።

የጉድጓዱን ጥልቀት ከሁሉ በላይ የሚወስነው የምሰሶው ስፋት ነው። በአሜሪካ ፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደር መመሪያ መሠረት፣ አፍንጫው ክብ የሆነና ወደ ውሃው አቅጣጫ ተስተካክሎ የቆመ ምሰሶ፣ በተለመደው የወንዝ ፍሰት የሚቆፈርለት ጉድጓድ ከስፋቱ 2.4 እጥፍ አያልፍም፤ ውሃው እጅግ ከፈጠነ 3 እጥፍ ይደርሳል። 1.2 ሜትር ስፋት፣ 9.6 ሜትር ርዝመት ያለው የግድግዳ ምሰሶ እንውሰድ። ጎርፉ 3 ሜትር ጥልቀት ኖሮት በሰከንድ 3 ሜትር ቢፈስ፣ በዚያው መመሪያ ስሌት ጉድጓዱ 2.8 ሜትር አካባቢ ይሆናል። አሁን ያው ወንዝ አቅጣጫውን 15 ዲግሪ ብቻ ቀየረ እንበል፤ የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በሁለት ደቂቃ ተኩል የሚዞረውን ያህል ማለት ነው። ውሃው አሁን የሚያገኘው 1.2 ሜትሩን አፍንጫ ብቻ ሳይሆን የግድግዳውን ጎን ጭምር ነው፤ ጉድጓዱም በእጥፍ አድጎ ከ5.6 ሜትር ያልፋል። መሠረቱ 4 ሜትር ላይ ከነበረ ምሰሶው የቆመው ባዶ ላይ ነው።

በቆላ ሜዳ ላይ የሚፈስ ወንዝ ደግሞ አቅጣጫውን ይቀያይራል። አንድ ክረምት በግራ፣ ሌላ ክረምት በቀኝ ዳር ይሄዳል፤ በመካከሉ የአሸዋ ደሴት ይሠራል። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ ረጅም የግድግዳ ምሰሶ ማቆም በአንድ ዓመት የውሃ አቅጣጫ ላይ መወራረድ ነው። ከየትም ቢመጣ ውሃው የሚያገኘው ስፋት ያው የሆነ አንድ ክብ ምሰሶ ይሻላል፤ ጭንቅላቱ ላይ ሰፊ ኮፍያ ተደርጎለት ገርደሮቹን ይሸከማል። ሁለትና ሦስት ቀጫጭን ምሰሶ ደርድሮ መሥራት በወረቀት ላይ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎርፍ የነቀለው ግንድና ቁጥቋጦ በመካከላቸው ይሰካና ሦስቱን ምሰሶ አንድ ግድግዳ ያደርጋቸዋል። ስሌቱ ላይ 1 ሜትር የተባለው ስፋት በአንድ ሌሊት 6 ሜትር ይሆናል። ግንድ የሚያወርድ ወንዝ ላይ ስፋቱን ከነቆሻሻው ገምቶ ማስላት የግድ ነው።

ስንት ምሰሶ፣ የት ላይ?

ከመጀመሪያው ጥያቄ እንነሳ፤ ምሰሶው ወንዙ ውስጥ መግባት አለበት ወይ? የቆየው የመሐንዲሶች ልክ፣ የአንድ ምሰሶ ከነመሠረቱ ዋጋና የአንድ ክፍተት (ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለው ርቀት) የላይኛው አካል ዋጋ ሲቀራረቡ ድልድዩ ቆጣቢ ይሆናል ይላል። መሠረቱ ደረቅ ዓለት ላይ ከሆነ ምሰሶ ማብዛት ያዋጣል። ጥልቅ ፓይል (መሬት ውስጥ ጠልቆ የሚገባ የመሠረት ዓምድ)፣ ውሃ ማገድና ፓምፕ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ክፍተቱን ማስፋት ይሻላል። በግምት ተራ የኮንክሪት ስላብ እስከ 12 ሜትር፣ የቲ ቅርጽ ያለው የኮንክሪት ገርደር እስከ 25 ሜትር፣ ቅድመ ውጥር (ብረቱ አስቀድሞ ተወጥሮ የተሠራ) ገርደር እስከ 40 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ዓይነቱ ይለወጣል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በጃፓን እርዳታ በዓባይ ሸለቆ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ሲረዝም መካከለኛ ክፍተቱ 145 ሜትር ነው፤ ይህን ያህል ስፋት የተዘለለው በሁለት ምሰሶ ብቻ ነው።

አጭር ድልድይ ላይም ቢሆን የክፍተቱን ቁጥር ጎዶሎ ማድረግ መልካም ልማድ ነው። አንድ፣ ሦስት ወይም አምስት ክፍተት ሲሆን መሐል ላይ የሚውለው ክፍተት ነው። ሁለት ወይም አራት ከሆነ ግን አንዱ ምሰሶ ከወንዙ መሐል፣ ብዙ ጊዜም ከጥልቁና ከፈጣኑ ውሃ ላይ ይተከላል። ጥንቃቄው ወጪ የለውም፤ ንድፍ ሲጀመር ብቻ ነው የሚታሰበው።

የአሸዋው ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2001 ማታ፣ በሰሜን ፖርቱጋል በዶውሮ ወንዝ ላይ የነበረው የሂንትዘ ሪቤይሮ ድልድይ አንድ ምሰሶው ተናደ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆመ ድልድይ ነበር። አንድ አውቶቡስና ሦስት መኪኖች ወደ ወንዙ ገቡ፤ 59 ሰው ሞተ፤ አንድም ከውስጣቸው የተረፈ አልነበረም። የመሠረተ ልማት ሚኒስትሩ ወዲያው ሥልጣን ለቀቁ። ምርመራው ከጠቆማቸው ምክንያቶች አንዱ ለዓመታት ከወንዙ ሲወጣ የኖረው አሸዋ ነው፤ የወንዙ ወለል ዝቅ ብሎ የምሰሶው መሠረት ተጋልጧል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወንዝ በአንድ ቦታ አሸዋ ሲወሰድበት ጉድጓዱን ለመሙላት ከላይ ካለው ወለል ይሸረሽራል፤ የተሸረሸረው ጫፍ እንደ ትንሽ ፏፏቴ ሆኖ በየጎርፉ ወደ ወንዙ የላይኛው ክፍል ይጓዛል። ስለዚህ ከድልድዩ በታች አምስት መቶ ሜትር ርቆ የሚጫነው አሸዋ ምንም አይነካም ማለት አይቻልም፤ ጫፉ ከዓመታት በኋላ ምሰሶው ሥር ሊደርስ ይችላል። ከድልድዩ በላይ የሚቆፈረውም የራሱ ጉዳት አለው፤ ወንዙ ይዞት የሚወርደውን አሸዋ ጉድጓዱ ውስጥ ይጥልና ባዶውን ይመጣል። አሸዋ ያልያዘ ውሃ ደግሞ ከሚያልፍበት ወለል አሸዋ ያነሳል። ከግድብ በታች ያሉ ድልድዮችም ችግራቸው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ደለሉ ግድቡ ውስጥ ቀርቶ የጠራው ውሃ ወለሉን ይጠርጋል።

አካፋና ገልባጭ መኪና ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ አሸዋ ማውጣት የብዙ ወጣቶች እንጀራ ነው። መከልከል ብቻውን ሰዎቹን ወደ ሌላ ወንዝ ያሻግራል እንጂ ሥራውን አያስቀረውም። ግን ለመኪና የሚመቸው መውረጃ ብዙ ጊዜ ከድልድዩ አጠገብ ነው፤ መንገዱ እዚያ አለና። ፈቃድ የሚሰጠው አካል እና ድልድዩን የሚጠብቀው አካል ለየቅል ናቸው፤ አንዱ አሸዋውን በኪዩቢክ ሜትር ያስከፍላል፤ ሌላው ወለሉ ስንት እንደወረደ አይነገረውም። ከዚህ በላይ አስቸኳይ የሚሆን የደብዳቤ ልውውጥ የለም። የቁፋሮ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በአቅራቢያው ያሉት ድልድዮች የመሠረት ከፍታ ከፋይላቸው ወጥቶ ከፈቃዱ ጋር ይያያዝ፤ ወለሉ ከዚህ ከፍታ በዚህ ያህል ሲቃረብ ቁፋሮው ይቆማል ተብሎ በቁጥር ይጻፍ።

ድንጋይ መደርደር መቼ ያድናል?

ጉድጓድ ሲታይ የመጀመሪያው ምላሽ ድንጋይ መድፋት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1987 በኒው ዮርክ ግዛት የወደቀው የስኮሃሪ ክሪክ ድልድይ ምሰሶዎቹ ጥልቀት በሌለው ተራ መሠረት ላይ ነበሩ፤ በጣም ጠጣር ነው የተባለ አፈር ላይ። መከላከያው በዙሪያው የተደረደረ ድንጋይ ነበር። ጎርፉ ድንጋዩን ወሰደ፤ ከሥሩ ያለውን ቦረቦረ፤ ምሰሶው ሰመጠ፤ 10 ሰው ሞተ። አሁን የአሜሪካ መመሪያ አዲስ ድልድይ ሲነደፍ ያለ ድንጋይ መከላከያ መቆም አለበት ይላል፤ ድንጋይ ለነባር ድልድይ የሚደረግ እርዳታ እንጂ የመሠረት ምትክ አይደለም።

ለነባር ድልድይ ሲደረግም ልክ አለው። ከላይ ለጠቀስነው ዓይነት ምሰሶ፣ አጠገቡ ያለው ውሃ በሰከንድ 3.5 ሜትር ቢፈስ፣ የድንጋዩ አማካይ መጠን 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት፤ አንዱ ድንጋይ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በእጅ ተነስቶ የሚደረደር ድንጋይ ሁሉ ለዚህ ውሃ ጠጠር ነው። ድርድሩ በየአቅጣጫው ከምሰሶው ፊት ቢያንስ የምሰሶውን ስፋት ሁለት እጥፍ ይሄዳል፤ ውፍረቱ የድንጋዩን መጠን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከሥሩ የማጣሪያ ጨርቅ ወይም ጠጠር ካልተነጠፈ አሸዋው በድንጋዮቹ መካከል እየተመጠጠ ይወጣና ድርድሩ ራሱ ይሰምጣል። በጣም የሚዘወተረው ስህተት ግን ድንጋዩን ምሰሶው ዙሪያ እንደ ኩይሳ መከመር ነው። ክምሩ ምሰሶውን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ምሰሶ ደግሞ የባሰ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ተቆፍሮ ተቀብሮ፣ የላይኛው ፊቱ ከወንዙ ወለል ጋር እኩል መሆን አለበት።

ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ትንንሽ ድንጋይ ስለሚያሠራ በአገራችን በሰፊው ይሠራበታል። ለዳርቻ መልካም ነው። ጠጠር የሚያንከባልል ወንዝ መሐል ግን ሽቦው በየክረምቱ ይፋቃል፤ ሽፋኑ ይለቅና ይዝጋል፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሳጥኑ ይዘረገፋል።

ከመሬት በታች የሚደበቀው ስህተት

መሠረቱ ከሚጠበቀው የመቦርቦር ጥልቀት በታች መውረድ አለበት ሲባል፣ በጥልቅ አሸዋ ላይ መልሱ ፓይል ነው። እዚህ ላይ የሚጠፋው ነገር ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ በዓይን አይታይም። ቁፋሮው ካለቀ በኋላ የጉድጓዱ ወለል ካልጸዳ ፓይሉ በጭቃ ፍራሽ ላይ ይቀመጣል። ኮንክሪቱ የሚወርደው በቱቦ ነው፤ የቱቦው ጫፍ ሁልጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜትር ኮንክሪቱ ውስጥ እንደተቀበረ መቆየት አለበት። ኦፕሬተሩ ቸኩሎ ቱቦውን ከኮንክሪቱ በላይ ሳበው እንበል፤ ያን ጊዜ ጭቃና ቤንቶናይት (የጉድጓዱን ጎን እንዳይናድ የሚደግፍ የሸክላ ፈሳሽ) መሐል ገብቶ ፓይሉን እንደ አንገት ያቀጥነዋል፣ ወይም ለሁለት ይከፍለዋል። መከላከያው የገባውን ኮንክሪት በኪዩቢክ ሜትር፣ የኮንክሪቱን ከፍታ በገመድ፣ የቱቦውን ርዝመት በቁራጭ እየቆጠሩ በየሚክሰሩ መመዝገብ ነው። 1 ሜትር ዲያሜትር ያለው ፓይል ለአንድ ሜትር ከፍታ 0.785 ኪዩቢክ ሜትር ይወስዳል፤ 6 ኪዩቢክ ሜትር ሚክሰር ተገልብጦ ከፍታው 7.6 ሜትር ገደማ ካልጨመረ፣ ወይ ጎኑ ተንዶ ሰፍቷል፣ ወይ ኮንክሪቱ የት እንደገባ መጠየቅ አለበት። ከተጠበቀው በላይ ከፍ ካለ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ወድቋል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ከላይ ያለው ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ጭቃ የተቀላቀለበት ኮንክሪት ተፈልፍሎ ይጣላል።

በደጋማው ክፍል የተለየ ወጥመድ አለ። መሰርሰሪያው ጥቁር ድንጋይ ሲያገኝ «ዓለት ደርሰናል» ይባላል። ያ ድንጋይ ግን በሸክላ አፈር ውስጥ የተቀመጠ ቋጥኝ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በሁለት የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ መካከል የቀረ ቀይ ልል አፈር ከሥሩ ይኖራል። ዓለት ለመባል ቢያንስ 3 ሜትር ድረስ ያልተቋረጠ ናሙና መውጣት አለበት። የመመርመሪያ ጉድጓዱም በየምሰሶው ቦታ ይቆፈር፤ በሁለቱ ዳር ብቻ ተቆፍሮ መካከሉን በመስመር መገመት የሥራ ክርክር ከማስነሳቱም በላይ የድልድይ ዕድሜ ያሳጥራል።

ፓይል ያለው ምሰሶ ቢሆንም መቦርቦር አይነካውም ማለት አይደለም። 15 ሜትር ፓይል 5 ሜትሩ ከተጋለጠ ሲሶው አየር ላይ ነው፤ በጎኑ የሚይዘውን አፈር ያጣል። ያልተደገፈው ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ደግሞ ሳይጎብጥ የሚሸከመው ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። የተጋለጠ ፓይል ያየ መሐንዲስ የጭነት ገደብ ለማውጣት ጥናት መጠበቅ የለበትም።

ሥራው የሚካሄድበት ጊዜም ከባድ አለቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወራት መሠረቱ አልቆ ምሰሶው ከጎርፍ ከፍታ በላይ መውጣት አለበት። ክፍያ ዘግይቶ፣ ሲሚንቶ ጠፍቶ ወይም ማሽን ተሰብሮ ጥር ላይ የተጀመረ መሠረት ግንቦት ላይ ጥድፊያ ውስጥ ይገባል፤ የጉድጓድ ማጽዳቱና ምዝገባው የሚታለፈው በዚያ ሰሞን ነው።

የምሰሶው ጭንቅላት

ከውሃ በላይ ያለው ክፍል በዓይን ስለሚታይ ብዙ አላወራውም፤ አንድ ነገር ግን አይታለፍም። ገርደሩ ምሰሶው ኮፍያ ላይ የተቀመጠበት ስፋት። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው የተሰማው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በስምጥ ሸለቆ ላይ ያሉ ድልድዮችን ሁሉ ይመለከታል። ምድር ስትናጥ ምሰሶው ይወዛወዛል፤ መቀመጫው ጠባብ ከሆነ ገርደሩ ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ምሰሶው ራሱ ሳይሰበር። በአሜሪካው የድልድይ ንድፍ ኮድ ቀመር 25 ሜትር ክፍተት ላለው፣ ምሰሶው 8 ሜትር ለሚረዝም ድልድይ፣ መነሻው ልክ 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መንቀጥቀጥ በሚበዛበት ቀጠና ወደ 450 ይጨመራል። ነባር ድልድይ ላይ ይህን በሜትር መለካት አምስት ደቂቃ ነው፤ ጎድሎ ከተገኘ ኮፍያውን በኮንክሪት ማስፋት ወይም ገርደሮቹን በብረት ማሰር ይቻላል። የምሰሶው እግርና አናት ላይ ስታፋው (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በ100 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ካልታሰረ፣ ጫፉም 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ ካልገባ፣ በንዝረቱ ይፈታና ቋሚውን ፌሮ ይለቀዋል።

የትኛውንም ምክንያት ብንወስድ አንድ ምሰሶ መጥፋቱ የሚያስከትለው ከአንድ ክፍተት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 ባልቲሞር ላይ ዳሊ የተባለችው መርከብ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ አንድ ምሰሶ ስትመታ፣ ከላይ ያለው የብረት አካል ተያይዞ የተሠራ ስለነበር በሰከንዶች ውስጥ ዋናው ክፍል እንዳለ ወረደ፤ ስድስት የጥገና ሠራተኞች ሞቱ። በእኛ አገር መርከብ ባይኖርም ጎርፉ አለ።

በገመድና በእርሳስ

ከላይ ለተነገረው ሁሉ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መሣሪያ ውድ አይደለም። አምስት ኪሎ የሚመዝን ብረት ወይም እርሳስ የታሰረበት የማይለጠጥ ገመድ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት። በየምሰሶው ትይዩ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ በድልድዩ መደገፊያ ላይ በቀለም ቋሚ ነጥብ ይደረጋል። ከነጥቡ እስከ ወንዙ ወለል ያለው ርቀት በዓመት ሦስት ጊዜ ይለካል፦ ግንቦት ላይ ክረምት ሳይገባ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፉ ባለበት ሰዓት፣ ኅዳር ላይ ውሃው ሲጠራ። የነሐሴው ልኬት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ የሚገኘው ያኔ ነውና። ውሃው ፈጥኖ ገመዱን ወደሚፈስበት ከገፋው ክብደቱ ይጨመር፤ ካልሆነ ልኬቱ ጎርፉ እንደጎደለ በዚያው ቀን ይደገም። ኅዳር ላይ ደግሞ ፌሮው ይገፋና የልሉ ደለል ጥልቀት ከጎኑ ይጻፋል። መዝገቡ አንድ ገጽ ነው፤ ቀን፣ የምሰሶ ቁጥር፣ የውሃ ከፍታ፣ የወለል ርቀት፣ የደለል ጥልቀት፣ ከመሠረቱ አናት የቀረው ሜትር። የመጨረሻው ቁጥር ከአምናው በግማሽ ሜትር ካነሰ አሸዋ የሚጫንበት ቦታ በዚያው ሳምንት ይታያል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ድልድዩ ለከባድ መኪና በዚያው ቀን ይዘጋል።